የቤተሰብ ጠመንጃን የኋላ ታሪክ ማጣራት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አንባቢ

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ከአያት የወረደ ጠመንጃ ያለው ቤተሰብ ከመሣሪያው ጋር ታሪክም አብሮ ወርሷል። አንዱ ቤት «ማይጨው ላይ ከጣሊያን የተማረከ ነው» ይላል፤ ሌላው «ሐረጎ ላይ መንገድ ይዘጋ የነበረው ሽፍታ ሲሞት ከጎኑ የተገኘ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ጠመንጃውን ከአድዋ ጋር ያያይዘዋል። ከእነዚህ ታሪኮች አንዳንዶቹ እውነት ናቸው፤ አንዳንዶቹ የሌላ ጠመንጃ ታሪክ ናቸው፤ ብዙዎቹ ደግሞ ከአንድ እውነት ተነሥተው በሦስት ትውልድ ውስጥ የደለቡ ናቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ይቻላል። ሥራው ግን ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው የሚያገኘው ማስረጃ ሳይሆን መስማት የፈለገውን ወሬ ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ብረቱ ምን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደተሠራ ነው። ቀጥሎ ከተሠራበት ተነሥቶ እዚህ ቤት እስኪደርስ በማን በማን እጅ እንዳለፈ ይጠየቃል። ስሙ የተጠራው ጀግና ወይም ሽፍታ በእርግጥ ይዞት ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ የሚነሣው በመጨረሻ ነው። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ወደዚህኛው ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ሳይመለሱ ሦስተኛው አይመለስም፤ ሁለቱ ተመልሰውም ሦስተኛው ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከመንካት በፊት

የጦር መሣሪያ አያያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ጉዳይ ነው፤ መሣሪያው ስላረጀ ብቻ ሕጉ አይመለከተኝም ብሎ መገመት አይገባም። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ የመሣሪያው ምዝገባና ፈቃድ የተሟላ መሆኑን በአካባቢው ፖሊስ ዘንድ ማረጋገጥ ነው። ይህ እርምጃ ከሕጋዊነቱ ባሻገር ለምርመራውም ይጠቅማል፤ ቀደም ሲል ተመዝግቦ ከነበረ የመዝጋቢው ወረቀት ራሱ የመሣሪያውን ቁጥርና የያዡን ስም የያዘ ማስረጃ ነውና። ጠመንጃውን ተሸክሞ ከባለሙያ ወደ ባለሙያ መዞር አያስፈልግም፤ የሚዞረው ፎቶግራፉ ነው።

ጥይት መጉረሱንና አለመጉረሱን መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ይፈትሽ። ለብዙ ዘመን ሳይከፈት የኖረ ጠመንጃ ባዶ ነው ተብሎ የሚታመነው ተከፍቶ ከታየ በኋላ ብቻ ነው፤ «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» ብሎ መተኮስ ደግሞ ፈጽሞ የማይሞከር ነው። አሮጌ ጥይት ከዝናር ውስጥ ከተገኘ እንዳለ ይቀመጥና ፖሊስ ይጠየቅበት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምክር ብዙ ሰው የሚያስቀይም ነው፦ አታጽዱት። የደሴ ጉምና እርጥበት ብረት ያዝጋል፤ የተወለወለ ጠመንጃ ለእንግዳ ማሳየት የሚወድ ባለቤትም የብርጭቆ ወረቀት አንሥቶ ዝገቱን ሲፍቅ ከዝገቱ ሥር ያለውን ማህተም አብሮ ይፍቃል። ሰደፉን በቫርኒሽ መቀባትም እንዲሁ ነው። በእንጨቱ ላይ ያለ ክብ ማህተም፣ በቢላዋ የተቀረጸ ፊደል፣ የተሰነጠቀን ቦታ ያሰረ የቆዳ ጠፍር፣ በምስማር የተያዘ ቆርቆሮ፣ እነዚህ ሁሉ ምስክሮች ናቸው። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሣት ይበቃል።

ብረቱን ማንበብ

ጠመንጃውን በመስኮት አጠገብ በጠረጴዛ ላይ አስተኙት፤ የጠዋት ብርሃን ከጎን ሲመጣ የተቀረጸው ፊደል ጥላ ይጥላልና ከላይ ከሚመጣ የአምፖል ብርሃን ይልቅ ይነበባል። ቀን ከሌለ የስልክ መብራት ብረቱን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ተደርጎ ከጎን ይበራበታል። መጀመሪያ ሙሉው መሣሪያ በሁለቱም ጎን ይነሣ፤ ቀጥሎ ማህተሞቹ አንድ በአንድ ከማስመሪያ ጋር ይነሡ። በጣም የደበዘዘውን ስስ ወረቀት ደርቦ በለስላሳ እርሳስ በማሸት ማውጣት ይቻላል። የተነበበውን እንዳለ ጻፉ፤ ያልተነበበውን ቦታ በነጥብ ተዉት፤ በግምት አትሙሉት። ሦስት ሊሆንም ስምንት ሊሆንም የሚችል አኃዝ ሁለቱም ሆኖ ይመዝገብ።

ባለቤቱ ምንሽር ብሎ ቢጠራው፣ ቤልጅግ ብሎ ቢጠራው፣ የሚናገረው ማህተሙ ነው። በእኛ አካባቢ በብዛት ከሚያጋጥሙት መካከል ውጅግራ የሚባለው ግራ የተባለው የፈረንሳይ የ1874 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጠመንጃ ነው፤ የተሠራበት ፋብሪካ ስም፣ ማለትም ሴንት ኤትየን፣ ሻተለሮ ወይም ቱል፣ በግራ ጎኑ ላይ በተያያዥ ጽሕፈት ይገኛል። ቤልጅግ የሚባለው ከቤልጅግ አገር ከኤርስታል ከተማ የመጣ የሞውዘር ዓይነት ነው፤ ለኢትዮጵያ መንግሥት ታዝዘው ከተሠሩት መካከል የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸባቸው አሉ። የአንበሳ ምልክት ያለበት ጠመንጃ በመንግሥት ግምጃ ቤት በኩል ያለፈ ለመሆኑ ጠንካራ ፍንጭ ነው፤ የማን ወታደር እንደያዘው ግን አንበሳው አይናገርም። በ1933 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገባው ኤንፊልድ ደግሞ ዘውድና ዓመተ ምሕረት ከቃታው በላይ በቀኝ ጎኑ ባለው ብረት ላይ ይዟል።

ከሁሉ የሚበዛውና ከሁሉ የሚያሳስተው የጣሊያኑ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጣሊያኖች በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሲሰለፉ ካርካኖ የሚባለው የ1891 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል አዲስ ጠመንጃ በአገራቸው ወጥቶ የነበረ ቢሆንም በብዛት ይዘውት የመጡት ቬተርሊ የሚባለውን አሮጌውን ጠመንጃ ነበር፤ አፉ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ካዝናው አራት ጥይት የሚይዝ ነው። ይህ ቬተርሊ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ፣ የካርካኖን 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲተኩስ ተደርጎ በብዛት ተለውጧል፤ የጠበበ ቧንቧ ገብቶለታል፤ ካዝናውም ተቀይሯል። እንግዲህ አንድ ቤተሰብ «የአድዋ ምርኮ» የሚለው ቬተርሊ አፈሙዙ ጠቦ የካርካኖ ካዝና ተገጥሞለት ከተገኘ ጠመንጃው ከአድዋ በኋላ ጣሊያን አገር እንደነበረ ያለ ጥርጥር ታወቀ ማለት ነው። የአያት ጀግንነት በዚህ አይሻርም፤ አያት አድዋ ዘምተው ሊሆን ይችላል፤ ይህ ጠመንጃ ግን አብሯቸው አልተመለሰም።

ካርካኖ ላይ የፋብሪካው ስም ወይም ምልክት፣ ለምሳሌ ተርኒ ወይም ብሬሻ፣ እና ዓመቱ በቧንቧው የኋላ ጫፍ ላይ ይገኛሉ። መለያ ቁጥሩ ፊደልና አኃዝ ነው፤ ተመሳሳይ ቁጥር በተለያየ ፋብሪካ ሊደገም ስለሚችል ቁጥሩ ብቻውን ከፋብሪካውና ከዓመቱ ተነጥሎ ቢጻፍ አይረባም። በሰደፉ ላይ ያለው ክብ ማህተም የራሱ ዓመት አለው፤ የእንጨቱና የብረቱ ዓመት ካልተስማሙ ወይ ሰደፉ ተቀይሯል ወይ ከሁለት ጠመንጃ አንድ ተሠርቷል። በሞውዘርና በውጅግራ ዓይነት ላይ ቁጥሩ በመዝጊያው ብረትና በሌሎችም ክፍሎች ላይ ይደገማል፤ ሁሉም መነበብ አለባቸው።

የዘመን አቆጣጠር ወጥመድ

ወሎ ውስጥ አንድ ጠመንጃ በአራት የዘመን አቆጣጠር መካከል ይቆማል። ቤተሰቡ የሚናገረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ብረቱ ላይ ያለው የፈረንጅ ነው፤ ፋሺስቶች ደግሞ ሥልጣን ከያዙበት ከኦክቶበር 1922 የሚቆጠር የራሳቸውን ዘመን በሮማውያን አኃዝ ይጨምሩበታል፤ የሙስሊሙ ቤተሰብ ወረቀት በበኩሉ በሒጅራ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ሒጅራው በጨረቃ ስለሚሄድ በአንድ ቋሚ ቁጥር እየቀነሱ ማዛመድ አይቻልም፤ ወሩና ቀኑ ጭምር ታይቶ በማዛመጃ ሰንጠረዥ ነው የሚመለሰው።

እንበል አንድ የካርካኖ ቧንቧ ላይ 1928 የሚል ተገኘ። ቤተሰቡ «ይኸው የማይጨው ዓመት ተጽፎበታል» ብሎ ይደሰታል። ነገር ግን የጣሊያን ፋብሪካ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አይጽፍም፤ ይህ 1928 ለእኛ 1920 ወይም 1921 ነው። ጠመንጃው ከማይጨው በፊት ተሠርቷልና ታሪኩ አልወደቀም፤ የተደገፈበት ምክንያት ግን ወድቋል። በተቃራኒው ቧንቧው 1938 ካለና አጠገቡ በሮማውያን አኃዝ አሥራ ስድስት ካለ፣ ጠመንጃው የተሠራው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ከተደረገው ጦርነት ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነውና የማይጨው ምርኮ ሊሆን አይችልም። ያም ሆኖ እዚህ ላይ መዝገቡን ዘግቶ መሄድ ስሕተት ነው። ጣሊያን ደሴ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የወጣው ደግሞ፣ የደቡብ አፍሪካ ጦር ከአርበኞች ጋር ኮምቦልቻን አልፎ ደሴን በያዘበት በሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. የተሠራ ጠመንጃ በእነዚያ አምስት ዓመታት ከአርበኛ እጅ የገባ ወይም ጣሊያን ሲሸነፍ በየጋራው ከቀረው የተነሣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቤተሰቡ የሚጠየቀው አዲስ ጥያቄ «አያት ከ1930 እስከ 1933 የት ነበሩ?» የሚል ይሆናል። ብዙ ጊዜም እውነተኛው ታሪክ ያለው እዚያ ነው፤ ማይጨው ስሙ ስለገነነ የአምስቱን ዓመት ታሪክ ሁሉ ወደ ራሱ ስቦት እናገኛለን።

ከአሜሪካ ሽፍቶች የምንማረው

የመሣሪያን የኋላ ታሪክ የማጣራት ሥራ ከሁሉ ይበልጥ የተፈተነው በአሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በነበሩ ባንክ ዘራፊዎች መሣሪያ ላይ ነው። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ግንቦት 15 ቀን 1926 ዓ.ም. (ሜይ 23 ቀን 1934) ሉዊዚያና ውስጥ በደፈጣ የተገደሉት ክላይድ ባሮውና ቦኒ ፓርከር ይዘዋቸው ነበር የተባሉ ሁለት ሽጉጦች እ.ኤ.አ. በ2012 በጨረታ ሲሸጡ የቦኒ 264,000፣ የክላይድ 240,000 ዶላር አውጥተዋል። ያለ ታሪኩ ቢሸጥ ያው ሽጉጥ የዚህን ዋጋ እፍኝ አያወጣም፤ ስለዚህም ገዢ የሚገዛው ብረቱን ሳይሆን ወረቀቱን ነው ማለት ይቻላል። ወረቀቱ ምን ነበር? ደፈጣውን የመራው የቀድሞው የቴክሳስ ሬንጀር ፍራንክ ሀመር መሣሪያዎቹን ለራሱ ወስዷል፤ በቤተሰቡ ዘንድ ቆይተዋል፤ የሴቲቱ ሽጉጥ ከየት እንደተገኘ የሀመር ልጅ በሕግ ፊት በተረጋገጠ ደብዳቤ መስክሯል። ሰንሰለቱ አጭር ነው፤ እያንዳንዱ ቀለበትም ስም አለው።

የጆን ዲሊንጀር ጉዳይ የተገላቢጦሹን ያስተምራል። ዲሊንጀር ሐምሌ 15 ቀን 1926 ዓ.ም. (ጁላይ 22 ቀን 1934) ቺካጎ ውስጥ ከሲኒማ ቤት ሲወጣ በፌዴራል ፖሊሶች ተገደለ። በዚያ ቀን ይዞት የነበረ ነው ተብሎ ለዕይታ ይቀርብ የነበረው ኮልት ሽጉጥ መለያ ቁጥር ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ሲመሳከር፣ ያ ቁጥር ያለው ሽጉጥ ከፋብሪካ የወጣው ሰውየው ከሞተ ከወራት በኋላ ሆኖ እንደተገኘ አጣሪዎች ጽፈዋል። መሣሪያውን ያሳይ የነበረው የመንደር ደላላ ሳይሆን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። የአስረጂው ማዕረግ የቁጥሩን ምስክርነት አይተካም፤ ይህንን የሙዚየም መግለጫ ወረቀት ስናነብም የትልልቅ ሰዎችን ቃል ስንሰማም ልናስታውሰው ይገባል።

ሦስተኛው ጉዳይ ከሁሉ የጠለቀ ነው። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1929 ቺካጎ ውስጥ ሰባት ሰዎች በቶምፕሰን መትረየስ ተረሸኑ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሚሺጋን ውስጥ አንድ ፖሊስ ተገደለና ገዳዩ ፍሬድ በርክ ይኖርበት የነበረው ቤት ሲፈተሽ ሁለት ቶምፕሰኖች ተገኙ። ካልቪን ጎዳርድ የተባለው ባለሙያ ከሬሳዎቹ የወጡትን እርሳሶችና ከወለል የተለቀሙትን ቀለሃዎች ከእነዚህ መሣሪያዎች ከተተኮሱ ጋር ጎን ለጎን በማጉያ መነጽር አይቶ ግድያው የተፈጸመው በእነሱ እንደሆነ አረጋገጠ። ከዚህ የሚበልጥ ማረጋገጫ የለም። ሆኖም ማረጋገጫው መሣሪያውን ከድርጊቱ ጋር አገናኘ እንጂ ቃታውን የሳበውን እጅ አላሳየም፤ በርክ የተፈረደበት በፖሊሱ ግድያ ሲሆን በቺካጎው እልቂት አንድም ቀን ፍርድ ቤት ሳይቀርብ በ1940 እ.ኤ.አ. እስር ቤት ሞተ። እንግዲህ ጥይቱ ተመርምሮ፣ መሣሪያው ተይዞ፣ ተጠርጣሪው ታስሮ እጁ አከራካሪ ሆኖ ከቀረ፣ በወሬ ብቻ «ይህ የእገሌ ሽፍታ ጠመንጃ ነው» የሚል ሰው ምን ያህል ሊጠነቀቅ እንደሚገባ ግልጽ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ከአሜሪካኖቹ መዝገብ በጣም የሚጠቅመው የስርቆት መዝገብ ነው። የዲሊንጀር ቡድን በኦክቶበር 1933 ኢንዲያና ውስጥ ኦበርንና ፔሩ የተባሉ ከተሞችን ፖሊስ ጣቢያ ዘርፏል፤ ክላይድ ባሮውም ከብሔራዊ ዘብ ግምጃ ቤቶች መትረየስ ይሰርቅ ነበር። የተዘረፈ መሥሪያ ቤት የጠፋበትን ይቆጥራል፤ ቆጠራው ቁጥር ይይዛል። መሣሪያ ሲሰጥ ያልተጻፈ ሲጠፋ ይጻፋል። በእኛም አገር የጠፋ መሣሪያ ሪፖርት፣ የምርኮ ዝርዝር፣ የትጥቅ ማስፈታት ደረሰኝ ከስጦታ ደብዳቤ ይልቅ ቁጥር የመያዝ ዕድላቸው ሰፊ ነው።

ሽማግሌና አሮጊት መጠየቅ

ወረቀቱ ዘንድ ከመሄዳችን በፊት ሰው ይጠየቅ፤ ወረቀት ይቆያል፣ ሰው ግን አይቆይም። ብዙ ጠያቂ የሚሄደው ወደ ቤቱ አዛውንት ወንድ ነው፤ በእኔ ግምት ግን ቀዳሚዋ ምስክር አሮጊቷ ናት። ወንዱ ጠመንጃውን ይዞ የወጣበትን ቀን ይተርካል፤ ሴቲቱ ግን በምን ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ፣ ፍተሻ ሲመጣ በየትኛው ጎተራ እንደተደበቀ፣ ለየትኛው ዘመድ ተሰጥቶ በየትኛው ሠርግ ማግስት እንደተመለሰ ታውቃለች። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ይህንን ነው።

«ይህ የማን ጠመንጃ ነበር?» ብሎ መጠየቅ መልሱን ለጠያቂው አቀብሎ መጠየቅ ነው፤ ታዋቂው ስም ወዲያው ይመጣል። ከዚያ ይልቅ «እማማ፣ ይህ መሣሪያ እዚህ ቤት ሲገባ እርስዎ የት ነበሩ?» «ከማን እጅ ሲወሰድ አዩ ወይስ ሰሙ?» «ከዚህ በፊት ቤት ውስጥ ሌላ ጠመንጃ ነበር?» ቢባል ይሻላል። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በደርግ ጊዜ አንዱ ተወርሶ ወይም በክፉ ቀን ተሸጦ ሌላው ሲገዛ የመጀመሪያው ታሪክ ወደ ሁለተኛው የተሸጋገረበት ቤት ጥቂት አይደለም። ቡናው ሁለተኛው እስኪደርስ ስም አታንሡ። ሁለት ምስክሮች ካሉ ለየብቻ ይጠየቁ፤ አንድ ላይ ከተቀመጡ ታናሹ የታላቁን ቃል አክብሮ ይደግማልና።

ዓመት ጠይቆ ዓመት ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ድርጊት መጠየቅ ግን ይሠራል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ፣ ጣሊያን ሲገባ፣ እንግሊዝ ሲመጣ፣ በ66 እና በ77 ድርቅ፣ ደርግ ሲመጣና ሲወድቅ፣ ጠመንጃው ከእነዚህ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ጥያቄ ዘመኑን በሁለት ችካል መካከል ያስገባዋል። ፉከራና ቀረርቶ፣ የለቅሶ ግጥምም ይጻፍ፤ የመሣሪያ ዓይነት በስሙ የሚጠራባቸው ብዙ ናቸው። ሟቹ በግጥሙ ውጅግራ ይዞ ከተወደሰና ቤት ውስጥ ያለው ካርካኖ ከሆነ ልዩነቱ መልስ ይፈልጋል። በአንጻሩ ግጥሙ ስለ ጀግናው እንጂ ስለ መለያ ቁጥሩ አይመሰክርምና ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ወረቀት የሚገኝበት

በቤት ውስጥ ፍለጋ የሚጀመረው ከኑዛዜና ከውርስ ክፍፍል ነው። ወሎ ውስጥ የሸሪዓ ፍርድ ቤት የውርስ ማጣሪያ የሟቹን ንብረት ስለሚዘረዝር ጠመንጃ ተጠቅሶ ሊገኝ ይችላል፤ በዳዊት ወይም በኪታብ ባዶ ገጽ ላይ የልደትና የሞት ቀን የጻፈ አባት የመሣሪያ ግዢም ጽፎ ሊሆን ይችላል። የድሮ ፎቶግራፍ ይታይ፤ ነገር ግን በስቱዲዮ የተነሣ ሰው ፎቶ አንሺው ያዋሰውን መሣሪያ ይዞ ሊሆን እንደሚችል አይዘንጋ። ፎቶው የሚመሰክረው በሰደፉ ላይ ያለው ስንጥቅ፣ የማንገቻው ቀለበት ወይም የእንጨቱ ጠፍር ዛሬ በእጃችን ካለው ጋር ሲገጥም ነው።

ከቤት ውጭ የፖሊስና የቀበሌ የምዝገባ ሰነድ፣ በአዲስ አበባ የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር)፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ለምክርም ወሎ ዩኒቨርሲቲ አሉ። የፋብሪካ መዝገብም በደብዳቤ ሊጠየቅ ይችላል፤ ኮልት ለምሳሌ በክፍያ የመዝገብ ደብዳቤ ይሰጣል። ደብዳቤው መሣሪያው መቼ እንደወጣና ወደየት እንደተላከ እንጂ ከዚያ በኋላ ማን እንደያዘው አይናገርም። ለጦር የተሠሩ የጣሊያን ጠመንጃዎች ላይ ግን እንዲህ ያለ መልስ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው፤ ለእነሱ የሚረዳው በማህተሙ ዓመትና ፋብሪካ መወሰን ነው።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ስለዚህ በአካባቢው ለሽያጭ የሚቀርብ ወይም «አደራ» ተብሎ የመጣ አሮጌ መሣሪያ ላይ በቀለም የተጻፈ አነስተኛ ቁጥር፣ የተቀደደ መለያ ወረቀት ወይም የእሱ የሙጫ ዱካ ከተገኘ ምርመራው እዚያው ይቁምና ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ይነገር። ቅርስ ሊሆን የሚችልን ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፤ «ውጭ አገር ብዙ ዶላር ያወጣል» የሚል ደላላም የሚገፋው ወደዚህ ነው። የኋላ ታሪክ ማጣራት ዋጋ መጨመሪያ ሆኖ ከተጀመረ አጣሪው ለሚያጠፋው ማስረጃ ዓይኑን ይጨፍናል።

መዝገቡን ማደራጀት

በመጨረሻ የሚጻፈው ሰነድ ረጅም መሆን የለበትም። ከላይ የመሣሪያው ዓይነት፣ ፋብሪካው፣ ዓመቱ፣ ቁጥሮቹ ሁሉ በተነበቡበት አኳኋን፤ ከሥሩ ደግሞ ያለፈባቸው እጆች በተራ ይቀመጡ። በእያንዳንዱ እጅ ጎን መረጃው በሰነድ የተረጋገጠ፣ በዓይን ምስክር የተነገረ ወይም በወሬ የተገኘ መሆኑ፣ ማን መቼ እንደነገረውም ይጻፍ። ባዶ ዘመን ካለ ባዶነቱ በግልጽ ይጻፍ፦ «ከ1933 እስከ 1951 ዓ.ም. የት እንደነበረ አልታወቀም» የሚል መስመር ለመዝገቡ ክብር እንጂ ነውር አይደለም። ያንን ባዶ በሚያምር ታሪክ የሞላ ሰው ከእሱ በኋላ የሚመጣውን አጣሪ በር ዘግቶበታል።

የሽፍታው ወይም የአርበኛው ስም የሚገባው በራሱ መስመር ነው፤ «በቤተሰቡ ዘንድ የእገሌ እንደነበረ ይነገራል» ተብሎ፣ የሚደግፈውና የሚቃረነው ከሥሩ ተዘርዝሮ። የቤተሰቡ ሽማግሌ በዚህ አጻጻፍ ቅር ሊሰኙ ይችላሉ፤ «ጋሼ፣ የእርስዎ ቃል ነው የተጻፈው፤ የጎደለው ሌላ ምስክር ነው» ቢባሉ አብዛኞቹ ይቀበላሉ፤ አንዳንዶቹም እንዲህ ሲባሉ እስከዚያ ድረስ ያላነሡትን የጎረቤት ስም ያነሣሉ። ሰነዱ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ከቤተሰቡ፣ አንዱ ከሩቅ የሚኖር ዘመድ፣ አንዱ ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ዘንድ ይቀመጥ። ከቤት በሚወጡት በሁለቱ ቅጂዎች ላይ መሣሪያው የሚቀመጥበት ቦታ አይጻፍ።